ሁለተኛው ሪፖርት፦ የአቶ ወልደጻድቅ ኃይለየሱስ የሕይወት ታሪክ (1922–1983 ዓ.ም.)

አቶ ወልደጻድቅ ኃይለየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለየሱስ ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቄ በዛብህ ኅዳር 12 ቀን 1922 ዓ.ም. በአርሲ፣ በሳጉሬ አቅራቢያ ባለ የገብስ አገር ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። ከአምስቱ ዛሬ በሕይወት የቀረው ይህን ታሪክ የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ብቻ ነው።

የሰው ዕድሜ ከልደቱ ቀን ይቆጠራል። እሳቸው ግን ሕይወታቸው የጀመረው በ1931 ዓ.ም. በጥር ወር እንደሆነ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። በዚያ ወር፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ በገባ በሳምንቱ፣ ቤተሰቡ በቀትር አውድማ ላይ ሳለ ቤታቸው ተቃጠለ፤ የዓመቱ እህልም አብሮ ሄደ። አባታቸው እሳቱ ከየት ተነሣ ብለው አልጠየቁም፤ ማን ለኮሰው አሉ እንጂ። መልሱንም ከጥያቄው ጋር አንድ ላይ አገኙት፦ በድንበር ይከራከሯቸው የነበሩት ጎረቤታቸው አቶ ቶላ ናቸው አሉ። ማስረጃ አልነበረም፤ ጥርጣሬ ግን ማስረጃ ቆሞ አይጠብቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ኃይለየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ በአቶ ቶላ ደጅ ላለማለፍ ወንዙን ዞረው ይሄዱ ነበር። ልጆቻቸውም ያንን ረጅም መንገድ ከአባታቸው ወረሱ።

አቶ ወልደጻድቅ በመንደሩ ካህን ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በአሰላ መንግሥት ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1942 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሄደው በእሳት አደጋ አገልግሎት ተቀጠሩና ለአሥራ ሦስት ዓመታት ቱቦ ጎተቱ፣ መሰላል ወጡ፣ ከጭስ ውስጥ ሰው አወጡ። በኋላ ለሞት ያበቃቸው የሳንባ ሕመምም የዚያ ዘመን ውርስ ነው። ይሁን እንጂ ልባቸውን የሳበው ነበልባሉ ሳይሆን ከነበልባሉ በኋላ ያለው ዝምታ ነበር። ባልደረቦቻቸው ቱቦ ሲጠቀልሉ እሳቸው አመዱ ውስጥ ይቀሩ ነበር። እንጨት በጥልቀት የከሰለበት ሥፍራ እሳቱ ብዙ የቆየበት መሆኑን፣ በግድግዳ ላይ ያለው ጥላሸት ወደ ታች እየጠበበ መነሻውን እንደሚያሳይ፣ አመድ ሳይበርድ የሚሰጠው ምስክርነት የማይታመን መሆኑን ማንም ሳያዝዛቸው ተማሩ። ከዚህም ለራሳቸው አንድ ሕግ አወጡ፦ ቃጠሎ ከደረሰ ሦስት ቀን ሳይሞላ ምንም ነገር አይፈረምም።

በ1954 ዓ.ም. ለዕረፍት ሳጉሬ በመጡ ጊዜ እናታቸውን ስለዚያ ስለ ጥር ወር ቃጠሎ አንድ በአንድ ጠየቋቸው። ወይዘሮ ብርቄ ያን ቀን እሳቱን ምድጃ ውስጥ አዳፍነው መውጣታቸውን፣ በሩ ገርበብ ብሎ መቅረቱን፣ ጭሱ ከመታየቱ በፊትም ክንፏ የተለበለበ ዶሮ እየጮኸች አውድማው ድረስ መምጣቷን አስታወሱ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን ዶሮ የጠየቀ አልነበረም። ዶሮዋ የወደቀ እህል ስትጭር የተዳፈነውን ፍም ወደ መኝታው ጭድ አውጥታው ነበር። አባታቸው ይህንን ሳይሰሙ ከሁለት ዓመት በፊት ዐርፈዋል። አቶ ወልደጻድቅ በዚያው ቀን ወንዙን ሳይዞሩ በቀጥታው መንገድ ወደ አቶ ቶላ ቤት ሄዱና ነገሩን ገለጹላቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ ወሬው መልካም መሆኑን፣ ሊሰማው የሚገባው ሰው ግን አፈር መግባቱን ብቻ ተናግረው ማር አቀረቡላቸው። እውነት ከቦታው ቢደርስም ዘግይቶ ከሆነ ምን ያህል ጎደሎ እንደሚሆን ወንድሜ ያወቁት በዚያ ቀን ይመስለኛል።

በ1950 ዓ.ም. የአርቦዬ ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ተሻለች ወልደ ሰንበት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አራት ልጆች አፍርተዋል። በ1955 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አሰላ በመመለስ በማዘጋጃ ቤቱ የእሳት አደጋ መከላከል ተቆጣጣሪና መርማሪ ሆነው ሥራ ጀመሩ። ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብና አንድ ሰው ነበረው። ያም ሰው እሳቸው ነበሩ።

የዚህች ከተማ ነዋሪ የእሳቸውን እግር ኮቴ ያውቃል። የወፍጮ ቤቱን ብናኝ በጣታቸው ጠርገው ለባለቤቱ ያሳዩ ነበር። ላምባ ከክብሪት ጋር በአንድ መደርደሪያ ያስቀመጠ ባለሱቅ ከሩቅ ሲያያቸው ዕቃውን ያዘዋውር ነበር። የዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ ጣሪያው ላይ ወጥተው ይመረምራሉ፤ ለመስቀል የሚተከለው ደመራ ከጭድ ክምር የሚርቅበትን ርቀት በእርምጃቸው ይለካሉ። በየቤቱ ደጃፍ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት «ውሃ አለ?» የሚል ስለነበር የመንደሩ ሰው «ጋሽ ውሃ አለ» የሚል ስም አወጣላቸው። አንዲት ጠላ ሻጭ በገበያ መሐል «ኧረ ጋሼ፣ ውሃማ ቢኖረኝ ጠላ አቀጥነው አልነበር» ብላ ሰውን ሁሉ ያሳቀችባቸው ዕለት አብረው ስቀው፣ በማግሥቱ በርሜል አስይዘው ተመለሱ። ከእሳት በፊት የሚደርስ ሰው ዋጋው አይታይም፤ ያልተቃጠለ ቤት ማንንም አያመሰግንምና። እሳቸው ግን ምሽት ላይ ከኮረብታው ሆነው ወደ ከተማይቱ ቁልቁል ሲመለከቱ፣ ከየጣሪያው የሚወጣውን ጭስ ሲቆጥሩ፣ ፊታቸው ላይ የሚነበበው ርካታ ብዙ ምስጋና ያገኘ ሰው ርካታ ነበር።

በዚህ ሥራቸው የቅርብ አማካሪያቸው አቶ ሁሴኖ ቱሳ ነበሩ። አቶ ሁሴኖ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያደጉ፣ በከተማው ዳር በሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር የጥበቃ ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ነፋስን እንደ እሳቸው የሚያውቅ አልነበረም። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ከቀትር በኋላ ወዴት እንደሚያጋድል፣ በየትኛው ወር በድንገት እንደሚዞር ያውቁ ስለነበር፣ ወንድሜ ጭድ የሚከመርበትን ሥፍራ ከመወሰናቸው በፊት ወደ ጥበቃው ጎጆ ጎራ ብለው ያማክሯቸው ነበር። አቶ ሁሴኖ በበኩላቸው «ኦቦ ወልዴ» እያሉ ይጠሯቸውና ስለ ነፋስ የሚጠይቅ የመንግሥት ሠራተኛ በዓለም ላይ አንድ እሳቸው ብቻ መሆናቸውን እያነሡ ይቀልዱባቸው ነበር። ግማሹ ጨዋታ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ይሄዳል። ለአደጋ ጊዜ መጥሪያ ደወል ሆና የተሰቀለችውን የመኪና ቸርኬ የመምታት ኃላፊነትም በወንድሜ ጥያቄ ለአቶ ሁሴኖ የተሰጠ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

አሁን የዚህን ታሪክ አስቸጋሪ ክፍል መናገር ይገባል። አቶ ወልደጻድቅ እንዳይዘለል አዝዘዋል።

በ1972 ዓ.ም. የእንጨት ሥራ ማኅበሩ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሚሆኑ አራት መቶ አግዳሚ ወንበሮችና ጥቁር ሰሌዳዎች እየሠራ ነበር። ቫርኒሽ ከገበያ በመጥፋቱ ሠራተኞቹ እንጨቱን በአገራችን በሚበቅለው ተልባ ዘይት ማሸት ጀመሩ። እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ፣ ከማኅበሩ መጋዘን ጭስ ወጣ። አቶ ሁሴኖ በሩን በቁልፋቸው ከፈቱ፤ ሁለት ባልዲ ውሃ ደፉ፤ አልበቃ ሲላቸው ሮጠው ቸርኬዋን መቱ። ሕዝብ ተረባርቦ እሳቱ ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር አደረገ፤ መጋዘኑ ግን ከነወንበሮቹ አለቀ።

ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ለማኅበሩ አዝኖ በዚያው ከሰዓት በኋላ በደቦ ወጣ። በእኛ አገር በተቃጠለ ቤት ላይ አመድ ማሳደር እንደ ጭካኔ ይቆጠራል። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በቁርበት፣ አመዱን ጠርጎ ገደል ጨመረው። ወንድሜ ሲደርሱ ያገኙት የተጠረገ ወለል ነበር። በወለሉ ላይ በአንድ ማዕዘን ሲሚንቶው ውስጥ የሰረገ የዘይት እድፍ አዩ። ከዚህ በስተቀር የሚናገር ነገር አልቀረም። የወንበሮቹ ቃጠሎ በዘመቻው ላይ የተሠራ አሻጥር ነው ተብሎ ስለነበር ሪፖርቱ ለማክሰኞው የሕዝብ ስብሰባ እንዲደርስ ታዘዙ። ሦስት ቀን ይሰጠኝ ብለው ጠየቁ፤ አልተፈቀደም። ሰኞ ማታ፣ በሁለተኛው ቀን፣ ፈረሙ። የጻፉት አንድ ገጽ ሲሆን ዋናው ቃል እንዲህ ይላል፦ «በወለሉ ማዕዘን የፈሰሰ ዘይት መገኘቱ እሳቱ በሰው እጅ መለኮሱን ያመለክታል።»

የማንንም ስም አልጻፉም። የመጋዘኑ ቁልፍ ግን በአንድ ሰው ኪስ እንደነበር ያውቁ ነበር።

በማክሰኞው ስብሰባ ሪፖርቱ በድምፅ ማጉያ ተነበበ። ዛሬ በዚህ ቀብር ላይ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ በዚያ አደባባይ ነበራችሁ፤ እኔም ነበርኩ። አቶ ሁሴኖ በሁለት ታጣቂዎች መሐል ቆመው አዳመጡ። ንባቡ ሲያልቅ ከሕዝቡ መካከል ወንድሜን በዓይናቸው ፈልገው አገኟቸውና፣ ሳይቆጡ፣ «ኦቦ ወልዴ፣ እርስዎ ካሉማ እኔም ራሴን ልጠራጠር ነው» አሏቸው። አሥር ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ደወሉን ቀድመው መምታታቸው እንኳ እንደ ማስረጃ ተቆጠረባቸው።

ከዚያ በኋላ ስለነበሩት ሁለት ዓመታት መናገር የምችለው ጥቂት ነው። አቶ ወልደጻድቅ ሥራቸውን አላቋረጡም፤ ውሃ አለ ወይ ማለታቸውን ግን ተዉ። በየወሩ መጨረሻ የአቶ ሁሴኖ ባለቤት ወይዘሮ ዘይቱና ስንቅ ይዘው ወደ ወህኒ ቤት ሲሄዱ፣ እሳቸው ጀርባቸው ላይ የጤፍ ዱቄቱን ተሸክመው እስከ በሩ ያደርሱና ሳይገቡ ይመለሱ ነበር። ከጭላሎ ነፋስ ሲነሣ ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፤ ወዴት ሊሄዱ እንደተነሡ ሲያስታውሱ መልሰው ይቀመጣሉ። የሚጠይቁት ሰው በሕይወት እያለ፣ በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ላይ ሆኖ፣ በራሳቸው ፊርማ ተከልሎባቸዋል።

በ1974 ዓ.ም. በግንቦት ወር ታላቋ ልጃቸው አበባ ስትዳር፣ ለሠርጉ የተሠሩት አግዳሚ ወንበሮች በተልባ ዘይት ታሹ። ዘይቱ የተጠረገባቸው ጨርቆች በቅርጫት ተጠቅጥቀው ጓዳ ውስጥ ተቀመጡ። በማግሥቱ ጠዋት ወይዘሮ ተሻለች ቅርጫቱን ሊያነሡ እጃቸውን ሲሰዱ ተቃጠሉና «እዚህ ውስጥ ፍም የጨመረው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ወልደጻድቅ መጥተው እጃቸውን ጨርቁ ውስጥ ከተቱ። አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። «ማንም» አሉ።

በልጃቸው ሠርግ ላይ ቆመው መረቁ፤ እህል ግን አልቀመሱም። ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ በግቢያቸው፣ ውሃ የሞላ በርሜል አጠገባቸው አቁመው፣ ጨርቅ በተልባ ዘይት እየነከሩ በቅርጫት መጠቅጠቅ ጀመሩ። ወይዘሮ ተሻለች የግድግዳውን ሰዓት አውርደው በጉልበታቸው ላይ ይዘው ሰዓቱን ይነግሯቸው ነበር። ሰባት ጊዜ ሞከሩ። ሦስቱ ሞቀው በረዱ፤ ሁለቱ ጨሱ፤ ሁለቱ ግን ክብሪት ያልነካቸው፣ ሰው ያልቀረባቸው፣ በራሳቸው ሙቀት ነደዱ። ዘይቱ ከአየር ጋር ሲደርቅ የሚፈጥረው ሙቀት መውጫ ሲያጣ ራሱን ያቀጣጥላል። የመጋዘኑ ሠራተኞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጨርቃቸውን በዚያ ማዕዘን ጥለው ሄደው ነበር። ጎረቤት በደግነቱ ጠርጎ ገደል የጨመረው አመድ ውስጥ የአቶ ሁሴኖ ነጻነት ነበረ።

በዚያው ወር አቶ ወልደጻድቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የወህኒ ቤቱን በር አልፈው ገቡ። የሆነውን ሁሉ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በአጥሩ ማዶ ሆነው ነገሯቸው። አቶ ሁሴኖ መጀመሪያ ሳቁ፤ «ታዲያ ያሰረኝ ቡትቶ ነው በሉኛ» አሉ። ቀጥሎም ሳቃቸው ሲያልቅ፣ ወንድሜ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልረሱትን ተናገሩ፦ «ኦቦ ወልዴ፣ እኔ አለማቃጠሌን ድሮም አውቀዋለሁ። ለእኔ አይንገሩኝ። ያን ቀን አደባባይ ላይ የሰማው ሰው ይስማ።»

አቶ ወልደጻድቅ የመጀመሪያውን ሪፖርት የሚሽር ሁለተኛ ሪፖርት ጽፈው አቀረቡ። አንድ ኃላፊ በትሕትና ተቀብለው አነበቡትና፣ «ጋሼ፣ ያኛው ወረቀት በድምፅ ማጉያ ተነቧል። ይሄንን ለማንበብ ሕዝቡን ምን ብለን እንጥራው?» አሏቸው። ሌላ ሰው ደግሞ አንድ መርማሪ ተሳስቻለሁ ብሎ መጻፉ በሥራው ላይ የፈጸመው በደል እንደሚሆን አስጠነቀቃቸው። በ1975 ዓ.ም. ከምርመራ ሥራ ተነሥተው በቁጥጥር ብቻ እንዲወሰኑ ተደረገ። በስምንት ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ የሁሉም ግልባጭ በቤታቸው ይገኛል። በእድር ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ ሊያነቡት ተነሥተው ነበር። ዳኛው በድንጋጤ ጸሎት አድርሰው ስብሰባውን በተኑት። ሰውየውን አልወቅሳቸውም፤ ዘመኑ ያለ አጀንዳ ጮክ ብሎ ማንበብን የሚፈራ ዘመን ነው። በ1977 ዓ.ም. ሃምሳ አምስት ዓመት ሲሞላቸው በክብር ጡረታ ወጡ።

በ1980 ዓ.ም. መባቻ አቶ ሁሴኖ በምሕረት ተፈቱ። ይህ ለወንድሜ ደስታም ቁስልም ነበር። ምሕረት ለበደለ ሰው የሚሰጥ ነገር ነውና፣ አቶ ሁሴኖ ከእስር የወጡት በደለኛ ሆነው ነው። እሳቸውም ይህንን ተረድተው ስለነበር ወደ አሰላ አልተመለሱም። ያ ወረቀት በተነበበበት ከተማ ሌላው ወረቀት እስኪነበብ እንደማይራመዱ ተናግረው፣ ወይዘሮ ዘይቱናንና ልጃቸውን ሀጂራን ይዘው አቦምሳ ሰፈሩ።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ወንድሜን ያያችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። በየገበያው ቀን ከአውቶብስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ካለችው ግንድ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ይቀመጡ ነበር። ላምባ ሻጮቹን እቆጣጠራለሁ ይሉ ነበር፤ ላምባ ሻጮቹም አምነናቸዋል እያሉ ይሳሳቁ ነበር። የአቦምሳው አውቶብስ ከቀትር በኋላ ሲደርስ የመጨረሻው ተሳፋሪ እስኪወርድ፣ ረዳቱም ከጣሪያው ላይ ዕቃ አውርዶ እስኪጨርስ ዓይናቸውን አይነቅሉም። አቦምሳ ለምን ራስዎ አይሄዱም ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ባዶ እጄን ሄጄ ምን እለዋለሁ አሉኝ።

በ1982 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከዚያ አውቶብስ ሀጂራ ወረደች። በጉዳይ መጥታ ነበር። አቶ ወልደጻድቅ ስለ አባቷ ጤና ከጠየቁ በኋላ፣ እዚያ ያለው ነፋስ ከወዴት እንደሚነፍስ ጠየቋት። ልጅቷ ፈገግ አለች። «አባቴ ይህንን እንደሚጠይቁኝ ነግሮኛል» አለቻቸው። «‹እዚህ ያለው ሞቃት ነው፤ የጭላሎው ናፍቆኛል በያቸው› ብሏል።» ወንድሜ ይህንን መልእክት በዚያው ዕለት ማታ ሦስት ጊዜ ነገሩኝ። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ከተራራው ሥር፣ ሌላው ከቆላው ዳር፣ በአንድ ነፋስ ላይ ሲነፋፈቁ ኖሩ። በመካከላቸው የነበረው አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነበር።

ባለፈው ኅዳር ሳንባቸው ጠናባቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ተስፋ እንደሌለው ባወቁ ጊዜ ወይዘሮ ተሻለችንና እኔን አጠገባቸው አስቀመጡን። ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ቃላቸው ግን እንደ ሪፖርታቸው አጭርና ቀጥተኛ ነበር። «ለቀብሬ ሰው ይሰበሰባል» አሉ። «ይህን ስብሰባ የሚጠራው ኃላፊ የለም፤ የሚበትነውም የለም። ያን ቀን የነበሩት ይመጣሉ። ከእኔ ታሪክ በፊት ወይም በኋላ ሳይሆን ከእኔ ታሪክ ጋር አብራችሁ አንብቡት።»

አቶ ወልደጻድቅ ኃይለየሱስ ረቡዕ ጥር 22 ቀን 1983 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው፣ በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ለአቶ ሁሴኖ በዕለቱ አውቶብስ መልእክት ልከናል። ይምጡ አይምጡ ይህ ሲጻፍ አናውቅም። ወንድሜ ግን ይምጡም አይምጡም ይነበብ ብለዋልና፣ ቃላቸው እንዲህ ይላል፦

«የካቲት 16 ቀን 1972 ዓ.ም. በእንጨት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን የደረሰው ቃጠሎ፣ በተልባ ዘይት ተነክረው በማዕዘን ተከምረው ከቀሩ ጨርቆች በራሳቸው ሙቀት የተነሣ ነው። የለኮሰ ሰው የለም። አቶ ሁሴኖ ቱሳ በሩን የከፈቱት እሳቱን ለማጥፋት፣ ደወሉን የመቱት ከተማውን ለማዳን ነው። የካቲት 17 ቀን የፈረምኩት ሪፖርት ስሕተት ነው። ስሕተቱም የእኔ ነው፤ ሦስት ቀን መጠበቅ ሲገባኝ በሁለተኛው ቀን ፈረምኩ። ከየት ብዬ ልጠይቅ የተቀጠርኩ ሰው፣ ማን ለሚለው ጥያቄ መልስ አቀበልኩ። ወልደጻድቅ ኃይለየሱስ፣ የእሳት አደጋ መከላከል ተቆጣጣሪና መርማሪ።»

አቶ ወልደጻድቅ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተሻለች ወልደ ሰንበትን፣ ልጆቻቸውን አበባን፣ ንጋቱን፣ መንበረንና በሰሜን በግዳጅ ላይ ያለውንና የአባቱን ማረፍ ገና ያልሰማውን ታደለን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ አንድ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም በራሳቸው ትእዛዝ ከቤተሰባቸው ጋር እንዲቆጠሩ የተደረጉትን ወዳጃቸውን አቶ ሁሴኖ ቱሳን ትተው አልፈዋል።

ለማጽናናት ወደ ድንኳኑ የምትመጡ ሁሉ ለእኛ ብዙ ቃል አታብዙ። ይልቁንም ወደ አቦምሳ የምትወርዱ ነጋዴዎችና ሾፌሮች፣ ከዚያም የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ ያ ሰው በመንገድ ቢያጋጥማችሁ ቀድማችሁ ሰላም በሏቸው። ወንድሜ በሕይወታቸው ከሰው የለመኑት ይህን ብቻ ነው።

ጻድቅ ሰው ነበሩ ብዬ አልጽፍም፤ ራሳቸው ይሰርዙት ነበር። የተሰወረውን ሁሉ ከመነሻው የሚያውቅ አምላክ፣ ማን እንደሆኑ ከመጠየቁ በፊት ከየት እንደመጡ አይቶ ነፍሳቸውን በብርሃን ቦታ ያሳርፍልን። ያን ማክሰኞ በአደባባዩ የነበራችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ሰምታችኋል።